በቀን ሰማንያ ሦስት መኪና

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ፍንጭቱ ሹፌር ነው። ለእማዬ ሳይሆን ለራስህ፣ በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ። ስልክ በደወልኩ ቁጥር የምታነሣው እሷ ናት። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ «አባትሽ ተኝቷል» ትለኛለች። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንተ ተኝተህ እንደማታውቅ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ከኋላዋ ስትስልም እሰማሃለሁ። ውሸት የማይሆንላትን ሴት በስተርጅና ዋሾ አደረግካት። ይኸው እንዲህ እያልን አራት ወር ሞላን።

የመጨረሻ ቃልህ «ድልድዩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ ፊት ነሳኸኝ። ኩርፊያህን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ እማዬን ስታኮርፍ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው፣ ጎሚስታው ጓደኛህን ደግሞ አንድ ሳምንት። አራት ወር ሙሉ የተኮረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቢያንስ ከሰው ሁሉ አስበልጠህ ትወደኛለህ ማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ።

አሁን የምጽፍልህ ላባብልህ ብዬ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው የኖርኩት ነገር አለ፣ እሱን ልነግርህ ነው። ሰኞ ጠዋት የሚጀመር ሥራም አለ፤ ያ ሥራ ያለ አንተ አይሆንም። ስለዚህ መሀል ላይ ደምህ ቢፈላም ወረቀቱን አጣጥፈህ ኪስህ አትክተተው፤ እስከ መጨረሻው አንብበው። መነጽርህን አልጋው ሥር አትፈልገው፣ የእማዬ የመርፌ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገኘው።

በመጀመሪያ ያ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ወረቀት ምን እንደሚል ልንገርህ፤ ጎሚስታው ጋ ካለው አግዳሚ ላይ የሚወራውን ሰምቼዋለሁና። የጭነት ትራንስፖርት ፖሊሲው ረቂቅ አርባ ስምንት ገጽ ነው። እናንተ የምትጨቃጨቁት በአንዷ መስመር ላይ ነው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የአገሩ መንገድ ሁሉ በቀን ስንት የጭነት መኪና እንደሚያሳልፍ ታይቶ ደረጃ ይወጣለታል። በቀን ከሦስት መቶ በላይ የሚያሳልፍ ከሆነ ያረጀ ድልድዩ ተነሥቶ አዲስ ይሠራለታል። ከሦስት መቶ በታች ከሆነ ግን ድልድዩ ባለበት ይቆይና ከአሥራ ሁለት ቶን በላይ የጫነ እንዳያልፍበት ይከለከላል። ከባዱ መኪና በአዲሱ ሰፊ መንገድ ዞሮ ይሄዳል ማለት ነው፣ ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር ጨምሮ። ሠንጠረዥ ሰባት ላይ የእኛ መንገድ ተጽፏል። ከጎኑ ያለው ቁጥር ሰማንያ ሦስት ነው።

ይህች ቁጥር ምን እንደምታደርግ ላንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሲሚንቶው መጋዘን ወደ አዲሱ መንገድ ይሄዳል። መጋዘኑ ከሄደ ጎሚስታው የሚለጥፈው ጎማ፣ ጋራዡ የሚያወርደው ሞተር አይኖርም። የእማዬ ሸራ መስፊያ ቤትም ይዘጋል፤ ከባድ መኪና በማያልፍበት ከተማ ማን ሸራ ያሰፋል? ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳህበት መንገድ የብስክሌት መንገድ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለእኔ በስልክ ስትዘረዝርልኝ አንድም አልተሳሳትክም።

የማልስማማህ አንድ ነገር ላይ ነው። «ፖሊሲ ማለት ቢሮ የተቀመጠ ሰው ሥራ ሲያጣ የሚጽፈው ነው» አልከኝ። አይደለም፣ አባዬ። ያ ድልድይ የተሠራው ሰባት ቶን የጫነ መኪና ሲያልፍ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሚያይበት ዘመን ነው። ተሳቢ ይዘህ ስታልፍበት መስኮቱን ዝቅ አድርገህ ብረቱ ሲያቃስት ታዳምጥ የነበርከው አንተ ራስህ ነህ። እኔም ጎንህ ተቀምጬ ትንፋሼን እይዝ ነበር። አንድ ቀን ከነመኪናው ወንዝ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ድልድይ ባንድ ጊዜ አይሠራም፣ ተራ መያዝ አለበት፤ ተራውን በጩኸት ከመስጠት በቁጥር መስጠት ይሻላል። ይህን ያኔም አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። ሕጉ ችግር የለበትም። ችግሩ ለሕጉ የሰጠነው ቁጥር ነው።

የሰጠነው ያልኩት አፌን አዳልጦኝ አይደለም።

ቁጥር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠህ የፊት ለፊቱን መኪና ታርጋ ታስነብበኝ ነበር። ስሳሳት ክላክስ ትነካብኛለህ፤ የፊተኛው ሹፌር የሰደብከው እየመሰለው አንገቱን አውጥቶ ይቆጣ ነበር። ስለዚህ ከስድስት ዓመት በፊት ሥራ በያዝኩ በወሩ «አገርሽ ሄደሽ የጭነት መኪና ቁጠሪ» ሲሉኝ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። እቤት እያደርኩ መንገዳችንን ልቆጥር ነው። የመጣሁበት ቀን እራት ላይ ነገርኳችሁ።

«ከሰኞ ጀምሮ የጭነት መኪና ልንቆጥር ነው» አልኩ።

«ለምንድን ነው የሚቆጠረው?» አልከኝ።

«ለዕቅድ ነው።»

«ዕቅድ» አልክ፣ ማኘክህን ሳታቆም። «የት ነው የምትቀመጡት?»

«ድልድዩ አፍ ላይ፣ በወዲያኛው በኩል።»

«ስንት ቀን?»

«ሰባት ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት።»

አባቴ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ ብዬ ሆዴ ባባ። ለእማዬም «አየሽ፣ አባዬ እንኳ ደስ ብሎታል» አልኳት። እሷ ግን አንተን አየት አድርጋ ሳህን ማንሣት ጀመረች። አንተን ከእኔ በፊት ነው የምታውቅህ።

ያን ዕለት አንዲት ዐረፍተ ነገር ብጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። «ብዙ መኪና ከተቆጠረ አዲስ ድልድይ ይሠራል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። እውነቱን ለመናገር በወጉ አላውቀውም ነበር፤ «ለዕቅድ» ያልኩህ አለቃዬ «ለዕቅድ» ስላለኝ ነው። እናንተ ደግሞ ቆጠራ ስትሰሙ ምን እንደምታስታውሱ ዛሬ ይገባኛል። አንድ ጊዜ መኪናችሁን ቆጠሩ፣ ወዲያው ሚዛን ጣቢያ ተተከለ። ሌላ ጊዜ ጎማችሁን ቆጠሩ፣ ቀጥሎ ቅጣት መጣ። ተቆጥሮ የተጠቀመ ሹፌር አይታችሁ አታውቁም። ስለዚህ በማግስቱ አግዳሚው ላይ ምን እንዳልካቸው ባለፈው ሳምንት ጎሚስታው ሲነግረኝ ልቆጣ ፈልጌ አቃተኝ። «የምትቆጥረው ልጄ ናት» ብለሃቸዋል። «በጣም ጎበዝ ናት፣ አንድም አያመልጣትም። ስለዚህ ጨርሶ አትታዩ።»

ጨርሰውም አልታዩም። ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ተገንጥለው በድንጋይ ካባው በኩል ወርደው ወንዙን በጠጠሩ ላይ እያቋረጡ ሄዱ፤ በጋ ስለነበር ውሃው ከጎማ አያልፍም። በዚያ ሳምንት ጭነቱን ከሥር የሚሸከም አሥራ አራት ባሌስትራ እንደተሰበረ ጎሚስታው በጣቱ እያስቆጠረ ነግሮኛል። ድልድይ ሊያሠራላቸው ከመጣ ቆጠራ ለመሸሽ ባሌስትራ የሚሰብሩ ሰዎች ከእናንተ በቀር የት ይገኛሉ? ሾላካ የሆናችሁ መስሏችሁ ራሳችሁን ሸወዳችሁ።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። እኔ አይቼሃለሁ።

አራተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። አብሮኝ የሚቆጥረው አንጋፋ ባልደረባዬ ባዶውን መንገድ አይቶ አይቶ «ሹፌሩን ሁሉ አመመው እንዴ?» አለ። እኔ ግን ከካባው በኩል የሚነሣውን አቧራ ከጠዋት ጀምሮ ሳየው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁና ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችውን ጉብታ ወጣሁ። ተሰልፋችሁ ነበር። ፊት ለፊት፣ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለህ፣ ውሃው መሀል ቆመህ፣ ቀይ ጨርቅ ይዘህ «ወደ ግራ ያዘው! ያዘው! በቃ፣ ፍታው!» ትላለህ። ትራፊክ ፖሊስ እንኳ እንደዚያ አያስተናግድም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እጄ ልማድ ሆኖበት መቁጠር ጀመርኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሦስት መኪና አለፈ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ።

ተመልሼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩና ለዚያ ሰዓት በተሰመረው ክፍት ቦታ ላይ ዜሮ ጻፍኩ።

«ውሃ ጠጣሽ?» አለኝ ባልደረባዬ።

«ጠጣሁ» አልኩት።

ለብዙ ጊዜ ለራሴ የምነግረው ምክንያት አባቴን አሳልፌ አልሰጥም የሚል ነበር። ጥሩ ምክንያት ነው፣ ሰውም ቢሰማው ደስ ይለዋል። ግን እሱ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያ ሪፖርቴ ነበር፣ አባዬ። ሽፋኑ ላይ ስሜ ሊታተም ነው። «ቆጠራው አልተሳካም፣ እንደገና ይደረግ» ብዬ ብጽፍ አዲሷ ልጅ ሥራ አልቻለችም ሊባል ነው። ያንን ፈርቼ ነው ትንፍሽ ያላልኩት። አንተ ቆጠራውን ስትሸሽ ለሹፌሮቹ የሚበጃቸው መስሎህ ነበር። እኔ ዜሮ ስጽፍ ግን ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ነው። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ወሬውን ያልሰሙትን የሩቅ አገር ሹፌሮች ደምረን ለሰባት አካፈልን፤ በቀን ሰማንያ ሦስት መጣ። ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሯ ከእኔ ቀድማ ሹመት አገኘች። ከሪፖርት ወደ ጥናት፣ ከጥናት ወደ መጽሔት ገባች፤ ትልልቅ ሰዎች በየስብሰባው ጠሯት። ማንም ከየት መጣሽ ብሎ አልጠየቃትም። እኔም የጭነት ዕቅድ ቡድን መሪ ሆንኩ፣ አንተም ለሰው ሁሉ «ልጄ የመንገዱ ኃላፊ ናት» አልክ። አንተ ያ ሳምንት ያለፈ ጨዋታ ይመስልሃል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው መጥቶ የቆጠረም ይመስልሃል። አልመጣም። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ያንን መንገድ የቆጠረ የለም። ሠንጠረዥ ሰባት ላይ ያለችው ሰማንያ ሦስት ያቺው ናት፣ አንተና እኔ የሠራናት።

ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማህ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አራት ወር ሙሉ ስታኮርፈኝ ዝም ያልኩት። «አንቺ ነሽ የዘጋሽው» ስትለኝ «አብረን ነው የዘጋነው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ላንተ አዝኜ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ሳስበው አንተን እንደ ሕፃን መቁጠሬ ነው፤ እውነት የማይችል ሰው አይደለህም።

የዛሬ ሦስት ሳምንቱን ስብሰባ ነው መርሳት ያቃተኝ። ሕዝቡ በረቂቁ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። እኔ መድረኩ ላይ ከዳይሬክተራችን ጎን ተቀምጫለሁ። አንተ የክት ኮትህን ለብሰህ መጣህ። እጅህን ስታወጣ ከኋላ «ፍሬቻ ሊናገር ነው፣ ፍሬቻ» ሲሉ ሰማሁ። በባዶ መንገድ ላይ እንኳ ፍሬቻ ሳታሳይ አትታጠፍም ብለው ያወጡልህን ስም ያን ቀን በፍቅር ነው የጠሩህ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ» አልክ። «ሰማንያ ሦስት መኪና ማለት እኮ ጎሚስታው በር ላይ ለቁርስ የሚቆመው ነው። ለመሆኑ ይህን የቆጠረው ሰው ማነው? እስቲ ይነሣና ልየው።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ማይኩን ስቦ «ቆጠራው በባለሙያ የተሠራ ነው» አለ። አንተ ወደ እኔ አየህ። በቁጣ አልነበረም ያየኸኝ፤ ልጄ አንድ ነገር ትላለች ብለህ ጠብቀህ ነበር። እኔ የውሃ ጠርሙሱን ክዳን አጠበቅኩ። ቁጭ አልክ። ኮትህን አስተካክለህ፣ ቀስ ብለህ ነው ቁጭ ያልከው። ከስድስት ዓመቱ ዜሮ ይልቅ ያን ቀን አለመነሣቴ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ የዳይሬክተሩን በር አንኳኳሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ሲከብደው እርሳስ ይቀርጻል፤ እኔ ተናግሬ ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ የእርሳስ ቅራፊ ተከምሮ ነበር።

«ስንት ነው ትክክለኛው?» አለኝ።

«አላውቅም። አራት መቶ ይሆናል፣ ሊበልጥም ይችላል።»

«እንግዲያው ለምን ጉድ እናፈላለን? ማስተካከያ ብለን በአምስት እናባዛት። አራት መቶ ምናምን ትሆናለች፣ ድልድዩ ይሠራል፣ ሁላችንም በሰላም ቤታችን እንገባለን።»

እውነቱን ልንገርህ፣ አማረኝ። በአንድ ማባዛት ከተማው ይድናል፣ አንተም ስልክ ታነሣለህ። ግን ያቺን ሰማንያ ሦስት ያመጣት እኮ እንዲህ ያለው አማረኝ ነው።

«አይሆንም» አልኩት። «ያንንም ሳንቆጥር ልንጽፈው ነው። እንደገና ይቆጠር።»

«ለምን እንደገና ሲባል ምን ልበል? ስህተቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ፊርማው የእኔ ነው።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ቡድን መሪነትሽ ሊሄድ ይችላል፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አልኩት። አንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፌ እዚያው ፊቱ ፈረምኩ። ስምህን አልጻፍኩም። «ሹፌሮቹ ለምን እንደሚቆጠሩ ስላልተነገራቸው በሌላ መንገድ አልፈዋል፤ እኔም ይህን እያወቅኩ ዝም ብያለሁ» ነው ያልኩት። ከዚህ የወጣ ቃል የለበትም።

መልሱ በአሥረኛው ቀን መጣ። ሰባት ቀን ተሰጥቶናል፣ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ። ከሦስት መቶ በላይ ከመጣ ድልድያችን በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከሚሠሩት ጋር ይገባል። ካልመጣ ረቂቁ እንዳለ ይጸድቃል፣ በወሩ መጨረሻ የክልከላው ሰሌዳ ይተከላል፣ እኔም ካርታ ክፍል ገብቼ ያረጀ ካርታ እጠቀልላለሁ። ሌላ ዕድል እንደማይኖር ደብዳቤው ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ዳይሬክተሩ ካባው መገንጠያ ላይ ፖሊስ እናቁም አለ። እንቢ አልኩ። በፖሊስ ተገድደው ቢያልፉ ይቆጠራሉ፣ ግን ከዚያ በኋላ ማንም ሹፌር የእኛን ቢሮ አያምንም፣ ልክም ናቸው። በዚያ ፈንታ ረቂቁ ላይ አንድ አንቀጽ አስገባሁ፤ አሥራ ዘጠነኛው ነው። ማንኛውም ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ለሹፌሮች ለምን እንደሚቆጠሩ ይነገራል፣ ውጤቱም እዚያው መንገዱ ላይ ይለጠፋል ይላል። ተቀብለውታል። ድልድዩ ባይሠራም አንቀጹ ይቆያል፣ በሌላ አገር መንገድ ላይ ያለ ሌላ ሹፌር ይጠቀምበታል። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

ችግሩ ሹፌር አንቀጽ አያነብም። ማስታወቂያ መጋዘኑ በር ላይ አስለጥፌ ነበር፤ ፍንጭቱ እንደነገረኝ ሰው ቆሞ አንብቦ «እንደገና ሊቆጥሩን ነው» እያለ ሄዷል። ካባው መንገድ ላይ ጠጠር ተደልድሎ አየሁ ብሎኛል። ማን እንዳስደለደለ አልጠየቅኩትም። አንተ እንዳልሆንክ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ብትሆንም ገና አራት ቀን አለህ።

እኔ ሄጄ ብነግራቸው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። «እሺ ልጄ» ይሉኝና በካባው በኩል ይሄዳሉ። የሚሰሙት አንተን ነው። ያኔ በአንድ ቃል ከመንገዱ ያወጣሃቸው አንተ ነህ፤ የሚመልሳቸውም ሌላ ሰው የለም።

ደግሞ አውቅሃለሁ። መንገድ ስትስት እንኳ «መንገዱን ቀይረውታል» ትላለህ እንጂ ተሳሳትኩ አትልም። አንድ ጊዜ ሰባ ኪሎ ሜትር ሙሉ መንገዱን ስትወቅስ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ስለዚህ አግዳሚው ላይ ቆመህ ያኔ ተሳስቼ ነበር በል አልልህም። ልትል ብትፈልግ ደስ ይለኛል፣ ባትናገር ግን አልቀየምህም። ሌላ ቀለል ያለ ነገር ነው የምጠይቅህ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድልድዩ አፍ ላይ እገኛለሁ፣ በዚህኛው በኩል፣ ከመገንጠያው በሚታይበት ቦታ። ሁለት ወንበር ይዤ ነው የምመጣው። አንዱ የእኔ ነው። ሌላው ላይ መጥተህ ተቀመጥ። መናገር አይጠበቅብህም፣ ለእኔም ቢሆን። ብታኮርፈኝም አኩርፈህ ተቀመጥ። ማንም ሹፌር ካባው መገንጠያ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ድልድዩን ያያል፤ ከቆጣሪዋ ጎን አንተ ተቀምጠህ ካየ መሪውን ወዴት እንደሚያዞር የሚያስረዳው አይፈልግም።

ባትመጣም እቆጥራለሁ። ከካባው በኩል አቧራ ሲነሣ ባይ ዘንድሮ ጉብታው ላይ አልወጣም፣ ያለፈውንም በግምት አልጨምርም። ፊቴ ያላለፈ መኪና አልጽፍም። ሰማንያ ሦስት ከመጣ ሰማንያ ሦስት እፈርማለሁ፣ የክልከላው ሰሌዳ ሲተከልም ቆሜ አያለሁ፣ ለእማዬም ለምን እንደሆነ ራሴ እነግራታለሁ። ግን እንደዚያ የሚሆን አይመስለኝም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቀስ ብለህ ስትቀመጥ ያየሁት ሰው ከተማው እንዲሞት ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም።

አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሁሉ ሲያልፉ ወንበርህን ያዩታል፣ እኔም አየዋለሁ፤ ሁለተኛው ወንበር ሰባቱንም ቀን ከጎኔ ይቆያል። ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም፣ ደክሞኝም ቦርሳዬን አላኖርበትም።

ልጅህ